ራሙ ሞላ ሲባል፦ የተንቀራፈፈ ኮምፒውተርና የተወደደ ራም

ደሴ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ፣ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ደጃፍ ላይ ለአፍታ ቢቆሙ የሚሰሙት ቅሬታ ይመሳሰላል። «ስታክ ያደርጋል።» «ክሮም ሲከፈት ይፈዛል።» «ሜሞሪው 90 በመቶ ሞልቷል ይላል።» የሚታዘዘው መድኃኒትም ያው ነው። ወይ ፎርማት ይደረግ፣ ወይ ራም ይጨመር።

ራም መጨመር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ብዙ የማያሳስብ ምክር ነበር። ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህ ግን የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ሽቅብ ወጥቷል። በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። አሮጌ ላፕቶፖች ወደ ዊንዶውስ 11 እየተሸጋገሩ ነው። አዲሱ ደግሞ ራም ይወዳል። በይፋ የተቀመጠለት ዝቅተኛ መጠን 4 ጊጋባይት ነው። በተግባር በዚህ መጠን መሥራት በአንድ ሳንባ እንደ መተንፈስ ነው።

ስለዚህ «ሞልቷል» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ የኪስ ጉዳይ ሆኗል።

ሁለቱ ሜሞሪዎች

ግርታው ከቃሉ ይጀምራል። «ሜሞሪ» አማርኛችን ውስጥ ሁለት ነገር ሆኖ ገብቷል። ስልኩን ይዞ «ሜሞሪዬ ሞላ» የሚል ሰው የሚያወራው ፎቶና ቪዲዮ ስለሚቀመጥበት ቦታ ነው። ኮምፒውተር ላይ 90 በመቶ ሞላ የሚባለው ግን ራም ነው። ራም ማለት ኮምፒውተሩ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ የሚሠራበትን ነገር የሚይዝበት ፈጣን ጊዜያዊ ማስቀመጫ ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። ሃርድ ዲስክና ፈጣኑ ተተኪው ኤስኤስዲ ግን መብራት ጠፋ አልጠፋ የተሰጣቸውን ይዘው ይቆያሉ።

ስለዚህ የሠርግ ቪዲዮ ማጥፋት ራም አያስለቅቅም። ይህ ምክር ደጋግሞ ይሰማል፤ በአብዛኛው ስህተት ነው። «በአብዛኛው» የተባለው በምክንያት ነው። ዊንዶውስ ራም ሲያጥረው ከሲ ድራይቭ ላይ ቦታ ይበደራል። ሲ ድራይቭ ጢም ብሎ ከሞላ የሚበደርበት ያጣል። ያኔ ቪዲዮውን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ይረዳል፤ የሚረዳው ግን በተዘዋዋሪ ነው።

የባለሱቁ ባንኮኒ

ሰኞ ገበያ ያለ አንድ የጨርቅ ሱቅ እናስብ። ባንኮኒው ራም ነው። ከጓሮ ያለው መጋዘን ዲስኩ ነው። ጎበዝ ባለሱቅ ባንኮኒውን ባዶ አድርጎ አይቀመጥም። ገዢ ደጋግሞ የሚጠይቀውን ጣቃ ቀድሞ አውጥቶ ይደረድራል። ሌላ ነገር የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ያልተፈለገውን ገፋ አድርጎ ቦታ ያበጃል።

ዊንዶውስም እንዲሁ ያደርጋል። ሥራ የፈታውን ራም በቅርቡ በተከፈቱ ፋይሎች ይሞላዋል። ይህ ካሽ ይባላል፤ በአማርኛ «መሸጎጫ» የሚሉት አሉ። የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደሚከፈት አጥንቶ አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ሲስሜይን የተባለ አገልግሎትም አለው። «ባዶ ራም የባከነ ራም ነው» የሚለው የባለሙያዎች አባባል የመጣው ከዚህ አሠራር ነው።

አባባሉ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ያለ ቦታው ይጠቀሳል። የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እንደሚጠቀም በሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት፣ በታስክ ማናጀር ላይ የሚታየው መቶኛ ካሹን አይጨምርም። ካሹ ለብቻው ነው የሚጻፈው። ስለዚህ 90 በመቶ የሚለው ቁጥር የተደረደረውን ጣቃ አይቆጥርም፤ ገዢ እጁን የጫነበትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ታስክ ማናጀሩ 90 ያሳየውን ሰው «አትስጋ፣ ካሽ ነው» ማለት የተሳሳተ ማጽናኛ ነው።

በሌላ በኩል፣ የዚያው 90 በመቶ ትርጉም እንደ ባንኮኒው ስፋት ይለያያል። 16 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ 1.6 ጊጋባይት ትርፍ ቀርቷል ማለት ነው። 4 ጊጋባይት ባለው ላይ ግን የቀረው 400 ሜጋባይት ነው። ይህን ደግሞ ጥቂት የክሮም ታቦች ይጨርሱታል። ሰፊ ራም ሲያገኝ ዊንዶውስ ራሱም እጁን ዘርጋ ያደርጋል። ምንም ሳይከፈት 16 ጊጋው ማሽን ላይ 4 ጊጋባይት ተይዞ ማየት ብልሽት አይደለም።

ከባንኮኒው ሲተርፍ

ቦታው ሲያልቅ ምን ይሆናል? ዊንዶውስ 10 ከወጣበት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጀመሪያው እርምጃ ማጠፍ ነው። ለጊዜው ያልተነካውን መረጃ ጨምቆ እዚያው ራም ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህም ካልበቃ ወደ ዲስክ ያወርደዋል። ማውረጃው ፔጅ ፋይል ይባላል። ከዲስኩ ተከልሎ እንደ ተጨማሪ ራም የሚያገለግል ቦታ ነው።

ማውረዱ አይደለም የሚያንገላታው፤ መልሶ ማውጣቱ ነው። ራም የተጠየቀውን ለመስጠት 100 ናኖ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ 100 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ደግሞ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። በቁጥር ሲታዩ ሦስቱም ኢምንት ናቸው። ግን ዘርጋ አድርገን እንያቸው። ራም አንድ ሰከንድ ፈጀበት ብንል፣ ኤስኤስዲ 17 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሃርድ ዲስክ 28 ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

በባለሱቁ ቋንቋ፣ የመጀመሪያው ከባንኮኒ ላይ ማንሳት ነው። ሁለተኛው ከፒያሳ ተነስቶ እዚያው ከተማ ውስጥ ካለ መጋዘን ይዞ መመለስ ነው። ሦስተኛው ለአንድ ጣቃ ጨርቅ ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ አድሮ፣ በማግሥቱ መመለስ ነው። ገዢው ደግሞ ባንኮኒው ላይ እንደተደገፈ ይጠብቃል። ስታክ አደረገ የሚባለው ይህ ጥበቃ ነው። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፤ የተጫኑት ነገር ግን አይከፈትም። የዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም ይላል።

ሁለት ላፕቶፖች እኩል 4 ጊጋባይት ራም ኖሯቸው አንዱ የሚቻል፣ ሌላው የማይቻል የሚሆነው ለዚህ ነው። ልዩነቱ ከራሙ ሳይሆን ከመጋዘኑ ርቀት ነው።

አንድ ላፕቶፕ በቅርበት

4 ጊጋባይት ራምና ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ እንውሰድ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ወደሚለው ገጽ ገብተን «ሜሞሪ»ን እንጫን። ከላይ 3.5 ከ3.9፣ 90 በመቶ ይላል እንበል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ ይዘጋዋልም።

ዋናው ቁጥር ከታች ነው። «ኮሚትድ» ይላል። 6.2/8.0 ብሎ ይጽፋል እንበል። በስተግራ ያለው ዊንዶውስ ለፕሮግራሞች የገባው ቃል ነው፤ «ይህን ያህል ቦታ አለላችሁ» ብሏቸዋል። በስተቀኝ ያለው ቃሉን ሊፈጽምበት የሚችለው አቅም ነው፤ ራምና ፔጅ ፋይል ተደምረው። 6.2 ቃል ተገብቷል፤ ባንኮኒው ግን 3.9 ብቻ ነው። ከቃሉ የተወሰነው ገና ያልተነካ ሊሆን ይችላል፤ የተወሰነውም ታጥፏል። የቀረው ግን ዲስክ ላይ ነው።

ቀጥሎ እዚያው «ዲስክ» የሚለውን ማየት ነው። ሳይወርድ 100 በመቶ ላይ ከቆመና ኮሚትድ ከራሙ በብዙ ከበለጠ፣ ማሽኑ በእርግጥ ራም ተርቧል። ኮሚትድ 4.1 ሆኖ ዲስኩ ጸጥ ካለ ግን 90 በመቶው ለድንጋጤ አይበቃም። የመንቀራፈፉ ምክንያት ሌላ ነው።

አንድ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። 8 ጊጋባይት ባለው ሌላ ማሽን ላይ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ቢደምሩት 2 ጊጋባይት አይሞላም እንበል፤ ከላይ ግን 7 ተይዟል ይላል። የጎደለው የት ገባ? ብዙ ጊዜ መልሱ «ነንፔጅድ ፑል» ከሚለው መስመር ላይ ይገኛል። ይህ የዊንዶውስ እምብርትና ድራይቨሮች (የኮምፒውተሩን ክፍሎች ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኙ ፕሮግራሞች) የሚይዙት፣ ወደ ዲስክ ሊወርድ የማይችል ክፍል ነው። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ቢሆን ያለ ነው። ጊጋባይቶች ከደረሰ ግን አንድ ድራይቨር እየወሰደ አይመልስም ማለት ነው። ይህ ሜሞሪ ሊክ ይባላል፤ የተበደረውን ራም ሥራው ካለቀ በኋላ ያለመመለስ ችግር ነው። የኔትወርክ ካርድ ድራይቨሮች በዚህ ይታማሉ። ክሮምን መዝጋት እዚህ ምንም አይፈይድም። ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አውርዶ ማደስ ነው የሚበጀው። የራሙን ክፍፍል በዝርዝር ማየት ለሚፈልግ ማይክሮሶፍት ራምማፕ የተባለ ነጻ መሣሪያ አለው።

በሊታው ማን ነው?

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ክሮም ነው፤ ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ታቦቹን በተለያየ ሂደት ለያይቶ እንዲያስኬድ ነው። አንዱ ታብ ቢወድቅ ሌላው እንዳይወድቅ። በ2018 እ.ኤ.አ. ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ክፍተት ይፋ ሲሆን መለያየቱ በረታ፤ አንድ ድረ ገጽ የሌላውን መረጃ እንዳይሰርቅ እያንዳንዱ ድረ ገጽ በራሱ አጥር ገባ። ጉግል ራሱ ይህ የራም ፍጆታውን ከ10 እስከ 13 በመቶ እንደሚጨምር ተናግሯል። ስለዚህ የክሮም ሆዳምነት በከፊል የጥበቃ ዋጋ ነው። ለባንክና ለኢሜይል ገጾች ሲባል የሚከፈል።

ክሮም ውስጥ ሆኖ ሺፍትና ኢስኬፕ መጫን የክሮምን የራሱን ታስክ ማናጀር ያመጣል። የትኛው ታብ፣ የትኛው ኤክስቴንሽን ምን ያህል እንደያዘ ይታያል። ከሴቲንግ ውስጥ «ሜሞሪ ሴቨር»ን ማብራት ደግሞ ያልተነኩ ታቦችን ያስተኛቸዋል።

ቴሌግራምና ዋትስአፕን ማነጻጸር ሌላ ነገር ያሳያል። የቴሌግራም የዴስክቶፕ መተግበሪያ በሲ ፕላስ ፕላስ ለኮምፒውተር ተብሎ የተጻፈ ነው። ዋትስአፕ ግን በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዊንዶውስ መተግበሪያውን ድረ ገጹን በውስጡ ወደሚከፍት ዓይነት ቀይሮታል። በቀላል አማርኛ፣ ሌላ ትንሽ ብሮውዘር ሆኗል። የራም ፍጆታውም በዚያው ልክ ጨምሯል።

በዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። አንዱ «ፕሮግራም ሠሪዎች ሰነፉ፤ ድሮ በ512 ሜጋባይት ይሠራ የነበረው ዛሬ በ4 ጊጋ አልሠራ አለ» ይላል። ሌላው «አንድ ጊዜ ተጽፎ በስልክም በኮምፒውተርም የሚሠራ ፕሮግራም ቶሎ ይደርሳል፤ ቶሎም ይታረማል» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለተኛው ወገን ብዙ ጊዜ የሚዘለው ግን የተቆጠበው ወጪ የት እንደገባ ነው። ከድርጅቱ ወደ ተጠቃሚው ማሽን ተሻግሯል። አዲስ ላፕቶፕ በየሦስት ዓመቱ በሚገዛበት አገር ይህ አይታወቅም። ዩዝድ ላፕቶፕ አምስትና ስድስት ዓመት በሚያገለግልበት አገር ግን ይታወቃል።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ስሙ ብዙ አይነሳም። ያለ ፈቃድ የተጫነ ዊንዶውስን ወይም ሌላ ፕሮግራምን «የሚያነቃ» አክቲቬተር ነው። ሲጫን አንቲቫይረስ እንዲጠፋለት ይጠይቃል። አንዳንዱ ከዚያ በኋላ የማሽኑን ጉልበት ለዲጂታል ገንዘብ ቁፋሮ ያውላል። ሞኔሮ የተባለውን ገንዘብ በሙሉ ፍጥነት መቆፈር ለብቻው ከ2 ጊጋባይት በላይ ራም ይይዛል። ከ4 ጊጋው ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ማሽኑ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ማራገቢያው የሚጮህ ከሆነ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

መብራት ሲመጣና ሲሄድ

«አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው» የሚለው ቅሬታ እውነት አለው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሹት ዳውን እንደ ድሮው አይደለም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው አሠራር በርቶ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የዊንዶውስን እምብርትና ድራይቨሮቹን ባሉበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ሲበራ ያንኑ ያነሳል። ስለዚህ ሲያፈስ የነበረ ድራይቨር ካቆመበት ይቀጥላል። ሁሉን ከዜሮ የሚያስጀምረው ሪስታርት ነው። ሹት ዳውን አድርጎ ማብራትና ሪስታርት ማድረግ ለብዙ ሰው አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም።

ከዚህ አንጻር የመብራት መቆራረጥ አንድ አስቂኝ ውጤት አለው። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ሳይወድ በግድ ከዜሮ ይጀምራል። ለፋይሎቹና ለዲስኩ መጥፎ ነው፤ ራሙ ግን ይጸዳል። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይህ አይደርስበትም። ክዳኑ እየተዘጋና እየተከፈተ ሳምንታት ይቆጥራል። ስንት ቀን እንደሠራ ታስክ ማናጀር ውስጥ በሲፒዩ ገጽ «አፕ ታይም» ከሚለው ላይ ይነበባል። 20 ቀን ካለ፣ ከራም ግዢ በፊት አንድ ሪስታርት ይገባዋል።

መብራትና ኢንተርኔት ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈጠራል። ዊንዶውስ አፕዴት፣ አንቲቫይረሱ፣ ቴሌግራም፣ ክሮም ሁሉም ያመለጣቸውን በአንድ ጊዜ ለማካካስ ይረባረባሉ። በተለይ ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን የመጀመሪያዎቹን 15 እና 20 ደቂቃዎች ራሱን ስቶ ሊያሳልፍ ይችላል። በዚያች ሰዓት የታየ ቁጥር ለምርመራ አይሆንም። ረጋ እስኪል መጠበቅ ነው።

ፎርማት ለምን ያዳነ ይመስላል?

ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ይፈጥናል። ይህ አይካድም። የፈጠነው ግን አቅሙ ስለጨመረ አይደለም፤ ሸክሙ ስለተራገፈ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች የሉም፤ ተደብቆ የነበረ ማልዌር ጠፍቷል፤ የሚያፈስ ድራይቨር ተቀይሯል። ሁሉም እንደገና ሲጫን የቀድሞው ይመለሳል። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» ከሚለው ላይ የማይፈለጉትን ማጥፋት የጥቅሙን ትልቅ ድርሻ በአምስት ደቂቃ ይሰጣል፤ ፋይልም አያስጠፋም።

ፎርማት ጭራሽ የሚያባብስበት ጊዜም አለ። ፍላሹ ላይ ያለው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ፣ ማሽኑ 8 ጊጋባይት ቢኖረውም ከ4 በላይ አያይም፤ በተግባር ከዚያም ያነሰ ነው የሚሰጠው። ከፎርማት በኋላ የሲስተሙ መግለጫ ላይ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለው ራም ስንት እንደሆነ ማየት ይገባል።

«ራም ክሊነር» እና «ቡስተር» የሚባሉት ፕሮግራሞች ግን ነገሩን የባሰ ያወሳስባሉ። ሲጫኑ ቁጥሩ ከ90 ወደ 50 ይወርዳል፤ ደስ ይላል። ያደረጉት ግን ባንኮኒው ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ማንሳት ነው። ቀጣዩ ገዢ ሲመጣ ግማሹ ከመጋዘን እንደገና ይወጣል። ፔጅ ፋይልን ማጥፋት የሚለው ምክርም ከዚሁ ወገን ነው። ቃል የተገባበትን አቅም ይቀንሳል፤ ፕሮግራሞች ያለ ማስጠንቀቂያ መዘጋት ይጀምራሉ።

ራሙ ለምን ተወደደ?

በዓለም ላይ አብዛኛውን ራም የሚያመርቱት ሦስት ድርጅቶች ናቸው። የደቡብ ኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ የአሜሪካው ማይክሮን። ሦስቱም ፊታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ወደሚሆን ኤችቢኤም ወደተባለ የራም ዓይነት አዙረዋል። ትርፉ ብዙ ነው። ፋብሪካውን ግን ይሻማል። ማይክሮን እንደገለጸው፣ ያንኑ መጠን ያለው ኤችቢኤም ለማምረት ከተራው የኮምፒውተር ራም፣ ከዲዲአር5፣ ሦስት እጥፍ ገደማ የምርት አቅም ይወስዳል። ለቤት ኮምፒውተር የሚቀረው አነሰ። አንዳንድ የራም ዓይነቶች በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ተወደዱ። ማይክሮን ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራ ሸማች ይሸጥ የነበረውን ንግድ እንደሚያቆም አስታወቀ።

እዚህ አገር በዚህ ላይ የምንዛሪው ይደመራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ ሌላ ነው። ዓለም ላይ የተወደደ ዕቃ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሁለቴ ተወዷል።

ይህ ምርጫውን ይለውጠዋል። 8 ጊጋባይትና ሃርድ ዲስክ ላለው ሰው ገንዘቡ ቀድሞ ወደ ኤስኤስዲ ቢሄድ የተሻለ ነው፤ 28 ሰዓቱን ወደ 17 ደቂቃ ያወርድለታል። 4 ጊጋባይት ላለው ግን ኤስኤስዲ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አይነቅለውም፤ ሁለቱም ያስፈልጉታል። ዊንዶውስ 10 ላይ ላለና የማሽኑ ፕሮሰሰር ከስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል በታች ሆኖ ዊንዶውስ 11 በይፋ ለማይቀበለው ሰው፣ በጉልበት ወደ 11 መሻገር አያስቸኩልም። ማይክሮሶፍት ለሚመዘገቡ የቤት ተጠቃሚዎች የደኅንነት ማሻሻያውን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. አራዝሟል።

ለሚገዛ ሰው

ታስክ ማናጀር የሜሞሪ ገጽ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ። «ስሎትስ ዩዝድ» 1 ከ2 ካለ ክፍት ቦታ አለ። «ስፒድ» 1600 ካለ አብዛኛውን ጊዜ ዲዲአር3 ነው፤ 2400፣ 2666 ወይም 3200 ካለ ዲዲአር4። ጥርሳቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ስስ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ያኔ መጨመር የሚባል ነገር የለም። ላፕቶፕ ለጥገና ሲሰጥም የራሙን መጠን ጽፎ መያዝ አይከፋም። ራም ሲወደድ ማስታወሻ ይጠቅማል።

ዩዝድ ራም ሲገዛ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ»ን ሱቁ ውስጥ እያሉ ማስጀመር ይቻላል። ማሽኑ ሪስታርት አድርጎ ራሙን ይፈትሻል፤ ጥፋት ካገኘ ይናገራል። እንደ ራሙ መጠን ጊዜ ይወስዳል። ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት መምረጥ ነው፤ ፈተናው መሃል ላይ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ይጀመራል።